አቀንጭራን የማይቀሰቅሰው ማሽላ፦ የአንድ ጂንና የአንድ ሆርሞን ጉዳይ ጥናት

አቀንጭራ በማሽላ ማሳ ውስጥ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ብቅ ሲል ገበሬው ይነቅለዋል። ነቀላው የሚጠቅመው ግን ለሚቀጥሉት ዓመታት ነው፤ የዘንድሮውን ምርት ብዙም አያድንም። አረሙ ከመሬት በታች ከማሽላው ሥር ጋር ተያይዞ ሳምንታት ኖሯል፤ አብዛኛውን ጉዳትም ያደረሰው ያኔ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ሲመቸው ደግሞ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ዘር ይበትናል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በወሎ፣ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በትግራይና በሐረርጌ አቀንጭራ የገባበት መሬት ያለው ሰው ይህን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

የዘሩ ርዝመት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የያዘው ስንቅ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘ ይሞታል፤ የሚያወጣው ቡቃያም ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይደርስም። ስለዚህ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይበቅልም። ሥር አጠገቡ መኖሩን የሚያሳውቀው ኬሚካል እስኪደርሰው ይጠብቃል። ኬሚካሉ ማሽላው ራሱ ከሥሩ የሚያወጣው ስትራይጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ነው።

እዚህ የምናየው ኤስአርኤን39 የተባለውን የማሽላ መስመርና ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸውን ዝርያዎች ነው። እነዚህ ማሽላዎች አቀንጭራ በበዛበት መሬት ተዘርተው የሚጠቁት ከሌላው በጣም ባነሰ መጠን ነው። ምክንያቱ ኤልጂኤስ1 የተባለ አንድ ጂን ስለማይሠራባቸው ነው። የጉዳዩ ልዩ ገጽታ ጂኑ የጎደለው በማሽላው ውስጥ ሆኖ፣ ውጤቱ የሚታየው በሌላ ተክል ዘር ውስጥ መሆኑ ነው፤ በአቀንጭራው ዘር ውስጥ መከፈት የነበረባቸው ጂኖች ሳይከፈቱ ይቀራሉ።

ማሽላ ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ያወጣል?

የመጀመሪያው ስትራይጎላክቶን፣ ስትራይጎል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ፈሳሽ ተለይቶ ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጥጥ አቀንጭራ የማያጠቃው ሰብል ስለሆነ ግኝቱ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ገደማ ስትራይጎላክቶን የሚታወቀው አረም በመቀስቀሱ ብቻ ነበር። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይኸው ኬሚካል ማይኮራይዛ የተባሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ወደ ሥር እንደሚጠራ አሳዩ። ፈንገሶቹ ተክሉ በራሱ ሥር የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያቀብሉታል። በ2008 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች ስትራይጎላክቶን በተክሉ ውስጥ የጎን ቅርንጫፍ እንዳይወጣ የሚያደርግ ሆርሞን መሆኑን በአንድ ጊዜ አስታወቁ።

ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ትርጉም ይሰጣሉ። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያንሰው ማሽላው ከላይ አዲስ አገዳ ማብቀሉን ይገታል፣ ከታች ደግሞ ፈንገሱን ይጠራል። ስትራይጎላክቶን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ጂኖች በተለይ በፎስፈረስ እጥረት ጊዜ በብዛት ይነበባሉ፤ በማሽላ ላይ የናይትሮጂን እጥረትም ምርቱን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የተራቆተ መሬት ላይ አቀንጭራ የሚበረታው ማሽላው ስለደከመ ብቻ አይደለም። የተራበ ማሽላ አረሙን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል በብዛት ያፈስሳል።

ሆርሞኑ ጂን የሚከፍትበት መንገድ በይበልጥ የተጠናው በሩዝ ነው። ሆርሞኑ በሌለበት ዲ53 የተባለው ፕሮቲን ቶፕለስ ከሚባሉ ረዳቶቹ ጋር ሆኖ ጂኖቹ እንዳይነበቡ ያፍናቸዋል። ሆርሞኑ ሲመጣ ዲ14 የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ይይዘዋል። ዲ14 ከብዙ ሆርሞን ተቀባዮች ይለያል፤ ኢንዛይምም ስለሆነ የያዘውን ሆርሞን ይሰነጥቀዋል። በዚህ ሂደት ቅርጹ ይለወጥና ዲ3 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ዲ3 ደግሞ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ዩቢኪቲን የተባለውን የመወገጃ ምልክት የሚለጥፍ ቡድን አባል ነው። ምልክቱ ዲ53 ላይ ይለጠፋል፣ ዲ53ም የሴሉ ፕሮቲን መፍጫ ወደሆነው ፕሮቲአዞም ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጫል። አፋኙ ሲነሳ ታፍነው የቆዩት ጂኖች ይነበባሉ። ከእነዚህ አንዱ አራቢዶፕሲስ በተባለው የላቦራቶሪ ተክል ቢአርሲ1 የሚባለው ነው፤ እሱ ሲነበብ የጎን እምቡጥ ባለበት ይቆማል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሆርሞኑን ሥራ ለመለካት የዲ53ን አርኤንኤ፣ ማለትም ጂኑ ሲነበብ የሚወጣውን ቅጂ፣ ብቻ የሚቆጥር ሰው ውጤቱን ገልብጦ ያነበዋል። ሆርሞኑ ሲጨመር የዲ53 ፕሮቲን ይጠፋል፣ የዲ53 አርኤንኤ ግን ይጨምራል። ፕሮቲኑ ከሚያፍናቸው ጂኖች መካከል የራሱ ጂን አንዱ ስለሆነ ነው። በ2020 በአራቢዶፕሲስ የተሠራ ጥናት የዲ53 አቻ የሆነው ኤስኤምኤክስኤል6 የራሱን ጂን ዲኤንኤ በቀጥታ ይዞ እንደሚያፍን አሳይቷል። ስለዚህ ፕሮቲኑ በቀጥታ መታየት አለበት፤ አርኤንኤው ብቻ ከተለካም መጨመሩ ሆርሞኑ ሥራውን መሥራቱን እንጂ መክሸፉን አያመለክትም።

በአቀንጭራው ዘር ውስጥ

አቀንጭራ ስትራይጎላክቶንን የሚያውቀው በዲ14 ሳይሆን ካይ2 በሚባለው የዲ14 ዘመድ በኩል ነው። ጥገኛ ባልሆኑ ዕፅዋት ካይ2 ከሰደድ እሳት በኋላ በጭስ ውስጥ የሚገኙትን ካሪኪኖች ለመለየት ያገለግላል። በአቀንጭራ ዘር ውስጥ ግን ይህ ጂን ደጋግሞ ተባዝቷል፤ ከቅጂዎቹም የተወሰኑት ስትራይጎላክቶንን ወደ መለየት ዞረዋል። ከሁሉ የነቃው ኤስኤችኤችቲኤል7 የሚባለው ነው። በ2015 የታተሙ ሥራዎች እንዳሳዩት ይህን ጂን የተሰጠው አራቢዶፕሲስ ስትራይጎላክቶንን በፒኮሞላር መጠን ይለየዋል። ፒኮሞላር ሲባል በአንድ ቢሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ የሲሶ ግራም ያህል ሆርሞን ማለት ነው።

ተቀባዩ ሆርሞኑን ሲይዝ የሚከተለው ነገር በሩዝ ካየነው ጋር ይመሳሰላል፤ እዚህ የሚፈጨው አፋኝ ግን ኤስኤምኤኤክስ1 ነው። እሱ ሲወገድ ዘሩን ከእንቅልፍ የሚያስነሱ ጂኖች ይከፈታሉ። በአቀንጭራ ዘር ውስጥ ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ሆርሞን የሚያመርቱት ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፣ ኤትሊኑም ዘሩን ያበቅለዋል። በአብዛኛው ዘር ለመብቀል የግድ የሚያስፈልገው ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን እዚህ ሊዘለል እንደሚችል በ2020 ታይቷል፤ የአፋኙ መወገድ ብቻውን ይበቃል።

ኤትሊን የመጨረሻው ቀስቃሽ መሆኑ በተግባር ውሏል። በአሜሪካ ካሮላይናዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 በበቆሎ ላይ የተገኘውን ሌላ የአቀንጭራ ዝርያ ለማጥፋት ኤትሊን ጋዝ አፈር ውስጥ እየገባ ዘሩ አስተናጋጅ ተክል በሌለበት እንዲበቅልና እንዲሞት ተደርጓል። ለዚያ ትራክተር፣ የጋዝ ሲሊንደርና ለአሥርት ዓመታት የማይቋረጥ በጀት አስፈልጓል። በቆላ ወሎ ያለ ገበሬ ይህን መንገድ ሊከተል አይችልም። በስትራይጎላክቶን አምሳያ የተሠሩ ኬሚካሎች ግን ተስፋ አላቸው፤ በቡርኪና ፋሶ በተደረገ የማሳ ሙከራ የበቀለው አቀንጭራ ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ጂኑ ምን ይለውጣል?

ስትራይጎላክቶን የሚሠራው ከካሮቲኖይድ ነው፤ ካሮትን ቀይ፣ በቆሎን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም ዘመድ መሆኑ ነው። ዲ27፣ ሲሲዲ7 እና ሲሲዲ8 የተባሉ ሦስት ኢንዛይሞች ተከታትለው ካርላክቶን የተባለ መነሻ ያወጣሉ። ከዚያ ማክስ1 ተቀብሎ ኦክስጅን ይጨምርበታል። በማሽላ ውስጥ የሞለኪውሉ ቀለበት ከመዘጋቱ በፊት ኤልጂኤስ1 ይገባል። ኤልጂኤስ1 ሰልፎትራንስፈሬዝ ነው፤ በሞለኪውሉ ላይ የሰልፌት ቡድን ይለጥፋል፤ የተለጠፈው ቡድን ሲወጣ ቀለበቱ ይዘጋል። ጂኑ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ውጤት 5-ዲኦክሲስትራይጎል ይሆናል። ጂኑ ከጠፋ ዋናው ውጤት ኦሮባንኮል ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው በተለይ ከቀለበቶቹ የአንዱ አቅጣጫ ነው፤ በአንዱ ወደ አንድ ወገን፣ በሌላው ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ለአቀንጭራ ተቀባዮች ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። 5-ዲኦክሲስትራይጎል ዘሩን በኃይል ይቀሰቅሰዋል፣ ኦሮባንኮል ግን ደካማ ቀስቃሽ ነው። ኤስአርኤን39 ስትራይጎላክቶን ማውጣቱን አላቆመም፤ የሚያወጣው ዓይነት ነው የተለወጠው። ለዚህ ነው ቅርንጫፍ የማብዛት ችግር የማይታይበት፣ ፈንገሱንም መጥራት የማያቅተው። ሲሲዲ7 ወይም ሲሲዲ8 የጠፋበት ተክል ግን ሆርሞኑን ከነጭራሹ ስለማያመርት አጭርና ቅርንጫፉ የበዛ ይሆናል፤ ለማሳ አይበጅም። አቀንጭራን ለመከላከል ስትራይጎላክቶንን ጨርሶ ማጥፋት የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል፤ በእኛ እምነት ለማሽላ የተሳሳተ መንገድ ነው።

ጂኑ የተገኘበት መንገድ

ሥራው የተጀመረው ጂን በመፈለግ አልነበረም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታና የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ላሪ በትለር የሞከሩት የአቀንጭራን ጥቃት በደረጃ ከፋፍለው እያንዳንዱን ለብቻው መለካት ነው፦ መብቀል፣ ሥር መያዝ፣ ወደ ውስጥ መግባት፣ ማደግ። ማሳ ላይ «ይህ ዝርያ ተቋቋመ» ሲባል የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋቋመ አይታወቅም፤ ምናልባትም በዚያ ቦታ የአቀንጭራው ዘር ስለሳሳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው ደረጃ የቀረበው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የአጋር ፍተሻ ነው፤ አጋር ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር ነው። ዛሬም ቀላል ላቦራቶሪ ያለው ማንኛውም የምርምር ማዕከል ሊሠራው ይችላል።

መጀመሪያ የአቀንጭራው ዘር በ1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይጸዳል፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ይቀየጣል። ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ እርጥብ ሆኖ በሙቀት ለሁለት ሳምንት ገደማ ይቀመጣል። ይህ የማዘጋጀት ጊዜ ካልተሟላ ዘሩ ለሆርሞኑ ምላሽ አይሰጥም፤ ከልክ በላይ ከረዘመ ደግሞ ወደ ሁለተኛ እንቅልፍ ይገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ጂአር24 የተባለው ሰው ሠራሽ ስትራይጎላክቶን በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም የተጨመረበት ማመሳከሪያ ሳህን መኖር አለበት። እዚያ ብዙው ዘር ካልበቀለ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል።

ከዚያ 0.7 በመቶ አጋር፣ ማለትም በሊትር 7 ግራም፣ ተፈልቶ ቀዝቀዝ ሲል ከተዘጋጀው የአቀንጭራ ዘር ጋር ሳህን ላይ ይፈስሳል። አጋሩ ሳይረጋ የበቀለ የማሽላ ፍሬ ሥሩ ወደ ሳህኑ መሃል እንዲሄድ ሆኖ ይገባል። አጋሩ በጣም ትኩስ ሆኖ ከፈሰሰ የአቀንጭራው ዘር ይሞታል፤ ያኔ የሚቀሰቅሰውም ማሽላ የማይቀሰቅስ መስሎ ይታያል። ሳህኑ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጨለማ ለሦስት ቀን ይቆይና በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚለካው ከማሽላው ሥር እጅግ ርቆ የበቀለው የአቀንጭራ ዘር ርቀት ነው። ርቀቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ማሽላው ደካማ ቀስቃሽ ነው። ቀስቃሽ በሆነ ዝርያ ዙሪያ የበቀሉት ዘሮች ከዚያ አልፈው ይታያሉ። ሥራው ሲያልቅ ሳህኑ፣ ውሃውና ዕቃው ሁሉ በግፊት እንፋሎት በሚቀቅለው መሣሪያ፣ በኦቶክሌቭ፣ መቀቀል አለበት፤ አቀንጭራ በሌለበት አካባቢ ይህን ፍተሻ መሥራት ጭራሽ አይገባም።

በዚህ መለኪያ ቀስቃሽና ደካማ ቀስቃሽ መስመሮች ተዳቀሉ። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ቀስቃሽ ሆነ፣ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንዱ ደካማ ቀስቃሽ ሆኖ ወጣ። ጠባዩ በአንድ ድብቅ (ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ በሚታይ) ጂን እንደሚወሰን የሚያሳየው ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ጂኑ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ግን በ2017 ነው፤ ዳንኤል ጎበና፣ ተስፋዬ መንግስቴ፣ ገቢሳ ኤጀታና ባልደረቦቻቸው በክሮሞሶም 5 ላይ አገኙት። የሚቋቋሙት ማሽላዎች ሁሉ የተበላሸባቸው በአንድ መንገድ አልነበረም። አንዳንዶቹ ጂኑን ከነአካባቢው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር የዲኤንኤ ፊደል ተቆርጦ አጥተውታል፣ ሌሎቹ በጂኑ ውስጥ ትንሽ መቆረጥ ብቻ አለባቸው። ውጤታቸው ግን አንድ ነው።

ማሳ ላይ

ጂኑ ስሙ ሳይታወቅ ዝርያው ገበሬ እጅ ገብቷል። በ1994 ከፐርዱ የወጣ 8 ቶን የሚቋቋም ማሽላ ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፣ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ከዚያም ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች በኢትዮጵያ ተለቀቁ፤ ብርሃን ተከተላቸው። ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ ሥራ ነበር።

ዝርያዎቹ አጭርና ቶሎ የሚደርሱ መሆናቸው ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ ጥሩ ነው። ገበሬው ግን ማሽላን ለእህሉ ብቻ አይዘራም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርና ጣሪያ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የተባሉትን ረጃጅም የአገር ማሽላዎች የለመደ ሰው ወገቡ የሚደርስ ማሽላ ሲሰጠው የሚያየው ያጣውን አገዳ ነው። መፍትሔው የተበላሸውን ጂን ወደ ረጃጅሞቹ የአገር ዝርያዎች በማዳቀል ማስገባት እንደሆነ እናምናለን። ጂኑ ስለታወቀ ይህ ከድሮው ቀላል ሆኗል፤ ጂኑ ድብቅ ቢሆንም የአንድ ችግኝ ቅጠል ዲኤንኤ ታይቶ ተሸካሚ መሆኑ ይለያል፣ የአጋር ሳህን መጠበቅ አያስፈልግም።

ጥበቃው ወሰን አለው። የጂኑ መጥፋት የሚከላከለው መብቀልን ብቻ ነው። ጎረቤት ያለ ቀስቃሽ ተክል ያስነሳው አቀንጭራ የኤስአርኤን39ን ሥር ካገኘ የጂኑ መጥፋት ከመያዝ አይከለክለውም፤ ስለዚህ የሚቋቋመውንና የማይቋቋመውን ማሽላ በአንድ ማሳ ቀላቅሎ መዝራት ጥቅሙን ያሳጣል። ማሽላን የሚያጠቃው ሐምራዊ አቀንጭራ የሚራባውም ከሌላ ተክል ጋር ተዳቅሎ ብቻ ስለሆነ በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ዘር እንኳ እርስ በርሱ ይለያያል። ከመካከሉ ኦሮባንኮል የሚያስነሳው ጥቂት ዘር ቢኖር በየዓመቱ የሚተርፈውና የሚበዛው እሱ ይሆናል። ጂኑን ማጣትም ዋጋ ሊኖረው ይችላል፦ በ2020 የታተመ ጥናት የተበላሸው ጂን የሚገኘው አቀንጭራ ባለባቸው አካባቢዎች እንደሆነ፣ እዚያም በጥቂት ማሽላዎች ላይ ብቻ እንደሚታይ፣ በሌላ ቦታ ግን እንደማይገኝ አሳይቷል።

ማዳበሪያ እዚህ ሁለት ሥራ ይሠራል። ፎስፈረሱ ማሽላውን ይመግባል፣ ስትራይጎላክቶን የሚሠሩት ጂኖችም እንዳይበረቱ ያደርጋል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ተበትኖ ከሚቀር በመስመር ከዘሩ አጠገብ፣ ዘሩን ሳይነካ ቢቀመጥ ይሻላል። ዘግይቶ ማድረግ ለዚህ ዓላማ አይጠቅምም፤ አቀንጭራው የሚቀሰቀሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ቦዩን በየርቀቱ ገድቦ ውሃ መያዝም ሲታከልበት ሦስቱ አንድ ላይ፣ ዝርያው፣ ማዳበሪያውና የተገደበው ቦይ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ያመጣሉ።

ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚበላሸው ዘሩ ነው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ከፍሬው ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው የሌላ ተክል ብናኝ ያገኘዋል። ዙሪያው በሙሉ ቀስቃሽ ዝርያ ሆኖ 10 በመቶው ቢዳቀል፣ ጂኑ ድብቅ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት ከተዘራው አንድ አሥረኛው ቀስቃሽ ይሆናል። ከዚያው ዘር ተወስዶ እንደገና ቢዘራ ድርሻው ወደ 17 በመቶ ይወጣል። ማሳው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። ለዘር የሚቀመጠው ከማሳው መሃል፣ ከጎረቤት ማሽላ ርቆ ከበቀለ ተክል መወሰድ አለበት። ሳያብብ በወረቀት ከረጢት ተሸፍኖ የደረሰ ጥቂት ዛላ ካለ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። የዘር አባዢ ማኅበራት ደግሞ ከእያንዳንዱ ጭነት ሃያና ሠላሳ ፍሬ ወስደው በአቅራቢያቸው ባለ የምርምር ማዕከል በአጋር ሊያስፈትሹ ይችላሉ፤ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ አንድ እንኳ ከተገኘ ጭነቱ ለምግብ እንጂ ለዘር አይሆንም።